ከወንዙ አፍ የተቆፈረ ሸክላ

ሱዩን ከግንቡ ወዲያ ተወልዳ በገዛ ፈቃዷ ከግንቡ ወዲህ የገባች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ዘንድ ታይቶ አይታወቅም። ከግንቡ ወዲያ ያለ አባት ሴት ልጁን ወደ ወንዙ ሜዳ ከሚድር ቆማ ብትቀርበት ይመርጣል። እሷ ግን አንድ በጋ ሐብሐብ ሊሸጥ የመጣ ቻንግሊን የሚባል የሜዳ ልጅ አየችና በቃ፣ ልቧ ሄደ። አባቷ፣ «ኋላ ውሃ ውስጥ ሆነሽ እንዳትጠሪኝ» አላት። ሳቀችና ልብሷን ቋጥራ ግንቡን ተሻገረች።

ግንቡ ማለት ወንዙን ከግራና ከቀኝ ይዞ እስከ ባሕር የሚወርደው የአፈር ግንብ ነው። በላዩ ሲሄዱ በአንድ ወገን የዛፍ ጫፍ ከእግር በታች ይታያል። ያ ግንብ የሚጠብቀው አገር ነው፤ ከወንዙ ወለል ዝቅ ብሎ ያለ ስጋት ይተኛል። በሌላው ወገን ስንዴና በቆሎ የለበሰ ሜዳ አለ፣ በሜዳው ላይ ጉብታዎች፣ በየጉብታው አናት ላይ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ራሱ ቢጫው ወንዝ። እኛ በግንቡና በወንዙ መካከል ነን። ሌላው እንዳይሰምጥ ግንብ ተሠራለት፤ እኛ ደግሞ ወንዙ ሲሞላ የሚተኛብን ሆነን ቀረን። ይህን ሁሉ ዘመን ከኖርኩ በኋላ ሊያናድደኝ ባልተገባ፤ ያናድደኛል።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። የእኛው ግንድ አልበቃው ብሎ አገር ይዞ ነው የሚዞረው። በስተ ምዕራብ፣ አይተነው ከማናውቀው ከፍተኛ አገር፣ የሰው እርሻ እየላጠ፣ ገደል እየናደ፣ ጅረቱን ሁሉ እየጠራ ይመጣል። እኛ ዘንድ ሜዳው ለጥ ሲልበት ይደክመውና የተሸከመውን ያራግፋል። ወለሉ በየዓመቱ በደለል ይሞላል፤ ወለሉ ሲሞላ ውሃው ከፍ ይላል፤ ውሃው ከፍ ሲል ግንቡን ከፍ ያደርጉታል። እንዲህ እየተባለ ወንዙ ከአገሩ ሁሉ በላይ ተሰቅሎ ቀረ። ጎርፍ በሄደ ማግስት የሚዘራው ስንዴ ግን መቼም ጥሩ ነው፤ ያን አንክድም።

ስለዚህ የሜዳ ሰው ዕድሜውን የሚጨርሰው አፈር ሲሸከም ነው። ወንድ ልጅ የወለደ ሁሉ ጉብታ ይቆልላል። ከእርሻው ጫፍ ይቆፍራል፣ በትከሻ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ባንጠለጠለው ቅርጫት ያመላልሳል፣ ይደፋል፣ በድንጋይ ይደቀድቃል። ቤቱ ከፍ ባለ ቁጥር እርሻው ይጎደጉዳል። ጉብታ የሌለው ጎረምሳ ሚስት አያገኝም፤ መልክም ጠባይም አያድነውም።

ሱዩንና ቻንግሊን የመጀመሪያ ጉብታቸውን የዘንዶው ዓመት ጎርፍ በላባቸው፤ እኛ ዘንድ ዓመት የሚጠራው በእንስሳ ስም ነው። ሁለተኛውን ጀመሩ። በመካከሉ ሁለት ልጆች ወልደው ቀበሩ፤ ሦስተኛው ሲወለድ፣ እንዳይሄድባቸው ሽዋንጁ አሉት፣ ታስሮ የቀረ ለማለት። እሱ ቀረ። ዘንጉ በሱዩን ቀኝ ትከሻ ላይ እብጠት አወጣባት፤ የመንደሩ ሰው ግመል የሚል ስም ሰጣት።

«አንቺ ግመል! ዛሬስ ጉብታሽ ሰማይ ደረሰ?» ይሏታል በመንገድ ሲያገኟት።

«ሲደርስ መሰላል እልክላችኋለሁ፤ እስከዚያው አርፋችሁ ጭቃችሁን ቡኩ» ትላለች እሷም።

በነብሩ ዓመት የብርድ ወራት ቻንግሊን ሳል ያዘው። ሐኪም ቤት ከግንቡ ወዲያ ነው። «ይህቺን ጥግ ልጨርስና እሄዳለሁ» እያለ ሰነበተ። ጥጓም ሳታልቅ እሱ አለቀ። ሱዩን ከእርሻው ዳር ቀበረችው፣ ከዚያም ዘንጉን አንስታ ጥጓን ራሷ ጨረሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽዋንጁ በዚያ ጉብታ ላይ እንዲያገባ፣ በቻንግሊን ቤተሰብ ስም የሚጠራ ልጅ እዚያ እንዲወለድ። ሌላ ነገር ለምና አታውቅም። ያቺ አንዲቷ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ግን የሜዳ ሰው ያውቃል።

ሽዋንጁ ጢም ሲያበቅል አንድ የላይኛው መንደር ሰው ሴት ልጁን ሊሰጥ አስቦ ጉብታ ሊያይ መጣ። ጉብታ ማየት የእኛ ወግ ነው። የልጅቷ አባት ይመጣል፣ ዙሪያውን ይዞራል፣ ከባለቤቶቹ ከራሳቸው ጋን አንድ ጭልፋ ውሃ ይለምናል፣ ከዚያ ውሃውን በጉብታው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ ያፈሰዋል። ሰውየውም እንዲሁ አደረገ። ውሃው እንደ ስኳር አሟሟው፤ ከጠርዙ አንድ ጉርሻ የሚያህል አፈር ተቆርሶ ወደቀ። ቻንግሊን የቆለለው አሸዋማ ደለል ነበር፤ በአቅራቢያ ያገኘው እሱን ነዋ። ሰውየው ጭልፋውን መለሰ። ሱዩን በስኳር ውሃ የቀቀለችለትን እንቁላል ሳይነካ፣ «ሌላ ቀን» ብሎ ሄደ። ሌላ ቀን እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ሽዋንጁ እናቱን አያት። «እማ፣ ተይው። ከተማ ሄጄ የቤት ግንባታ ሥራ ልሥራ። ስንቱ ሄዶ የለ?»

«ቤት የሌለው ሰው ሄዶ ወዴት ይመለሳል?» አለችው። «ሸክላ እናለብሰዋለን።»

ሸክላ አፈር በሜዳው ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ወንዙ ሲሮጥ አሸዋ፣ ሲያዘግም ደለል፣ ፈጽሞ ቆሞ ሲተኛ ደግሞ ቀይ ሸክላ ይጥላል። ከመንደሩ ጀርባ፣ በእኛና በግንቡ መካከል፣ ወንዙ በአያቶቻችን ዘመን የሄደበት አሮጌ መሄጃ አለ፤ ደረቅ ቦይ ነው፣ ፍየል ይሰማራበታል። የቦዩ አፍ ከወንዙ ጋር የሚገናኘው በሱዩን እርሻ ጭራ ላይ ነበር። በውሻው ዓመት ጎርፍ ውሃው እዚያ ላይ ተኝቶ አፉን በሸክላ ደፈነው። ከዚያ የተሻለ ሸክላ በሜዳው ሁሉ አልነበረም። እናትና ልጅ መቆፈር የጀመሩት እዚያ ነው።

የቻንግሊን አባት ሦስተኛ ወንድም፣ መንደሩ ሁሉ ሦስተኛ አጎት የሚላቸው ሽማግሌ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ትንባሆአቸውን እያጨሱ አዩአቸው።

«የሽዋንጁ እናት፣ የወንዙን ጥርስ ልትነቅይ ነው እንዴ?»

«ጥርስ ካለው ይንከሰኝ፣ ሦስተኛ አጎቴ።»

«አትቀልጂ። አፉን የዘጋው ይኼ ሸክላ ነው። የማሰሮ ክዳን አንስቶ የሚወስድ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ሱዩን አካፋዋን ተከለችና ላቧን ጠረገች። «ሌላ ሸክላ ያለበት ያሳዩኝ። አሁኑኑ እዚያ እሄዳለሁ።»

ሽማግሌው አሰቡ። «የለም» አሉ።

«እንግዲያው ልጄ ሳያገባ ይሙት?»

«እኔ እንደዚያ ወጣኝ?» ትንባሆአቸውን አራገፉ። «ለነገሩ ወንዙም አርጅቷል። አምና ሚያዝያ ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ አይደል የተሻገርኩት?»

እውነታቸውን ነበር። በእነዚያ ዓመታት ወንዙ በጸደይ እየደረቀ አስቸገረን። ላይኞቹ አገሮች ለመስኖም ለፋብሪካም ይቀዱታል፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ክር ይሆናል፣ አንዳንዴም ክሩም ይበጠሳል። የተሰነጠቀው ወለል ላይ ሰው በብስክሌት ይሄድበት ነበር። ሁላችንም አበቃለት አልን። እዚህ ላይ ነው እኛ የተሳሳትነው፤ ሱዩን ብቻዋን አይደለችም። ውሃው ሲያንስ ደለሉን ወደ ባሕር መግፋት ያቅተዋል። ደለሉ እዚያው ይቀራል፣ ወለሉ ከፍ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ጎርፍ የድሮው ትልቅ ጎርፍ ያልደረሰበት ይደርሳል። ያን የሚያህል ደለል ሲከመር ዓይናችን እያየ ወንዙ ሞተ እንላለን። እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ፣ የውሃ ነገር?

እናትና ልጅ ስንዴ እስኪታጨድ፣ ከታጨደም በኋላ፣ በብርዱም ወራት መሬቱ ድንጋይ ሆኖ በዶማ እየፈለጡ ሸክላውን አመላለሱ። የድሮውን አሸዋ በሸክላ ጠቀለሉት፣ ደቀደቁት፣ ከሁሉም ጉብታ በላይ ከፍ አደረጉት። ሱዩን በምሥራቅ በኩል ለሙሽሮቹ አዲስ ክፍል አሠራች። በእርሻው ጭራ ያለው ጉድጓድ ደግሞ ሰው ገብቶ ቢቆም የማይታይበት ሆነ።

ሌይ የሚባል ከታችኛው መንደር የሆነ ሰው ይህን ሰምቶ መጣ። ሹሊያን የምትባል ልጅ ነበረችው፣ ሽዋንጁም በገበያ አይቷት እንቅልፍ አጥቷል። ሌይ ጭልፋውን ተቀበለ፣ ውሃውን አፈሰሰ። ውሃው ከሳህን ላይ እንደሚወርድ ጥርት ብሎ ወረደ። ሌላ ጭልፋ ጠየቀ፣ ያንንም አፈሰሰ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠና እንቁላሎቹን አንድ ሳያስቀር በላ።

«እቴ፣ ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የቆለልሽው?» አላት።

«ልጄም ረድቶኛል።»

«ልጅሽማ ጎረምሳ ነው። አንቺን ነው የጠየቅሁት» አለና ሳቀ። ሱዩን ጀርባዋን አዞረች፤ እንባዋን እንዳያይ ነበር። ሠርጉ የበቆሎ አዝመራ እንደገባ ሊሆን ተስማሙ። የቀረው የመጨረሻው ወግ ብቻ ነበር፤ አባትየው ከሠርጉ በፊት መጥቶ ጎረቤት ይጠይቃል።

በዚያ የአይጡ ዓመት ክረምት ከላይ ዘነበ። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ፀሐይም ነበር። ዝናቡ የወረደው በማናውቀው አገር፣ በማናውቀው ሸለቆ ነው፤ ውሃው ቀናት ተጉዞ ነው የመጣው። በድምፅ ማጉያ፣ ጎርፉ መካከለኛ ነው፣ ተብሎ ተነገረ። ወንዶቹ በወንዙ በኩል ያለውን ዳር እየተዟዟሩ ይጠብቁ ነበር።

ውሃው ግን ከፊት አልመጣም። ጠዋት ላይ የሦስተኛ አጎት ሚስት ፍየሎቿን ልታወጣ ወደ ጀርባ ስትሄድ አሮጌው መሄጃ ሞልቶ አየች። ቡናማ ሆኖ፣ አረፋ ይዞ፣ እየገላበጠ ይሮጣል። «ከጀርባ ነው! ከጀርባ ነው!» እያለች ጮኸች። ከግንቡ ጋር የሚያገናኘን መንገድ ገና እየጮኸች ሳለ ተቆረጠ። ሰው ልጁን፣ ብርድ ልብሱን፣ ዱቄቱን ይዞ ሮጠ። ወዴት ይሮጣል? ከፍ ያለው ጉብታ የሱዩን ነው። ሁሉም ወደዚያ ወጡ፤ ሽማግሌ በጀርባ ታዝሎ፣ አሳማ በገመድ ተጎትቶ፣ ዶሮዎች በክንፋቸው ተይዘው። ሱዩንና ሽዋንጁ ከታች ሆነው እጅ እየያዙ ያወጧቸው ነበር።

ከዚያ ተቀምጠው የገዛ ቤታቸውን አዩ። ውሃው በመሄጃው ሮጦ መንደሩን ከኋላ ከፈተና በጉብታዎቹ መካከል ገባ። የአሸዋ ጉብታ ውሃ ሲነካው አይጮህም። መጀመሪያ ከሥሩ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ጣሪያው ድም ብሎ ይቀመጣል፣ አቧራ እንኳ አያስነሳም። አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ ወደቀ። ሰዉ በመጀመሪያው ቤት አለቀሰ፤ የኋለኞቹን ቆጠረ። የሦስተኛ አጎት ቤት ሲወድቅ ሽማግሌው ትንባሆ ሊያቀጣጥሉ ይሞክሩ ነበር፤ ክብሪቱ ርሶ እምቢ አላቸው ይላሉ ያዩ።

የሱዩን ጉብታ አንድ ጉርሻ አፈር አላጣም። ውሃው መጥቶ እየላሰው ያልፋል።

ሱዩን ለሠርጉ ያኖረችውን የስንዴ ዱቄት አወጣች፣ በእንፋሎት ዳቦ ጋግራ አደለች። ሰዉ በላ። ማንም፣ «እጅሽ ይባረክ» አላላትም፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ የሦስተኛ አጎት ሚስት ዳቦዋን እንደያዘች፣ «ውሃው በየት በኩል ነው የገባው?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ባሏ ወደ ሱዩን አላዩም። «ከላይ ነው የመጣው» አሉ። «ብዪ።»

ሱዩን ያን ጊዜ፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ ልትል ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ዞር ስትል ዙሪያዋን ሁሉ ፊት ሞልቶታል፣ ሁሉም የእሷን ዳቦ ያኝካል፣ ሁሉም ቀድሞ ያውቃል። ቃሉን ዋጠችው። ኋላ ላይ እንዳለችው፣ በዕድሜዋ ከተሸከመችው ሁሉ የከበደው ያ ነው። ቢሰድቧት፣ ቢመቷት፣ ትችለው ነበር። ነፍሳቸውን አድና ቤታቸውን ያፈረሰችን ሴት ግን ምን ብለው ይስደቧት?

ጎርፉ ጎደለ። አሮጌው መሄጃ ግን አልደረቀም፤ ወንዙ አንድ ክንዱን እዚያ ትቶ ሄደ። የሱዩን ጉድጓድ ከነእርሻው ጭራ ውሃ ሆነ። የቻንግሊን መቃብርም አብሮ ሄደ፤ የት እንደሄደ ያው ነው፣ ሁሉም ወደሚሄድበት ወደ ታች። ሰዉ በግንቡ ላይ በፕላስቲክ ሸራ ሥር ከረመ። ቀን ቀን ወርዶ ከፍርስራሹ እንጨት ይለቅማል። በሱዩን ደጅ ሲያልፍ፣ «ደህና ነሽ?» ይላታል። «ደህና» ትላለች። ግመል የሚላት ጠፋ።

የበቆሎው ጊዜ ሲደርስ፣ በቆሎም ባይኖር፣ ሌይ ቃሉን ጠብቆ መጣ። ጉብታውን አየ፤ እንደነበረ ነው። ከዚያ ጎረቤት ሊጠይቅ ወጣ።

ጎረቤት መጠየቅ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። የሚወድህ ጎረቤት አያሞግስህም። «እሷን ነው? ስስታም ናት፣ ጨው ስታበድር በጣቷ ትቆጥራለች! ልጇማ ሲያንኮራፋ ከግንቡ ወዲያ ይሰማል!» እያለ ይስቃል፤ ጠያቂውም አብሮ ይስቅና፣ ልጄ ከሰው መሃል ልትገባ ነው፣ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሱዩን ይህን ታውቃለች። በጉብታዋ ጠርዝ ላይ ቆማ ሌይን ከሩቅ ታየው ነበር፤ የሚስቅ ሰው ፍለጋ።

ሌይ እንጨት ከሚለቅም ወደ እንጨት ከሚለቅም ሄደ። ሁሉም፣ «ጥሩ ሰዎች ናቸው» አሉት፤ ብለውም ጎንበስ አሉ። በመጨረሻ ወደ ሦስተኛ አጎት ደረሰ። ሽማግሌው የበር መቃን ከጭቃ እየነቀሉ ነበር።

«አባት፣ የሽዋንጁን እናት እንዴት ያውቋታል?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ሱዩን ድምፁ አይሰማትም፣ ግን አፋቸውን ታያለች።

«ቤቱ አይወድቅም» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሌይ ተመልሶ ወጣ። እንቁላሉ ቀርቦለት ነበር። አልተቀመጠም።

«እቴ» አላት፣ ድምፁም ያዘነ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ጉብታሽ እንከን የለውም። ከላዩ ሆኜ ዞሬ ሳይ ግን ሌላ ቤት አላየሁም። ነገ ቢሠሩም እዚህ ደጅ የሚስቅ ሰው አይመጣም። ልጄ ምጥ ሲይዛት ማን ሮጦ ይመጣላታል?»

«እኔ አለሁ» አለች ሱዩን።

«አንቺማ አለሽ» አለ። እሱም እንቁላሉን ሳይነካ ሄደ።

ሽዋንጁ ብርዱ ሳይገባ ወደ ላይኛው አገር ሄደ፣ ወደ ከሰል ማዕድን። ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ ሲመጣ ከእናቱ ፊት ተንበረከከና ነገራት። አብሮት የሚቆፍር አንድ ሽማግሌ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ አለችው፤ ለቤቱ ልጅ ሆኖ የሚገባ አማች ይፈልጋል። የሚወለዱት ልጆች በእነሱ ስም ይጠራሉ።

«የአባትህስ ስም?» አለችው።

«እማ፣ አባዬ መቃብር እንኳ የለውም።»

ልጇ መሬት መሬት እያየ ስለዚያ አገር ነገራት፤ ነገሩን ለማለዘብ ነበር። «ቤታቸው ከኮረብታው ሆድ የተፈለፈለ ነው። ጉብታ የሚባል አያውቁም። ዝናብ ሲዘንብ አፈሩ እየተናደ በየገደሉ ይወርዳል፣ ቢጫ ሆኖ። የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።» ከዚያ፣ «አብረሽኝ ነይ» አላት።

«አማች የገባበት ቤት እናቱን ይዞ አይገባም፤ ሰው እንዳይስቅብህ» አለች። በዚህ ደግሞ ትክክል ነበረች። ሦስት ጊዜ ግንባሩን መሬት አስነካላትና ሄደ። ከጉብታው ላይ ሆና እስከ ግንቡ ድረስ፣ ግንቡንም ወጥቶ በወዲያ በኩል እስኪሰወር ድረስ አየችው። ከፍ ያለ ቦታ መኖር ለዚህ ይጠቅማል።

በሚቀጥለው ጸደይ ሦስተኛ አጎት ከጉብታዋ ሥር መጥተው ቆሙ። ብዙ አርጅተው ነበር።

«የሽዋንጁ እናት፣ አለሽ?»

«አለሁ። ይውጡ።»

ወጡ፣ ሙቅ ውሃ ተሰጣቸው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። የልጅ ልጃቸው ሚስት የሚያገባበት ጊዜ ደርሷል። የተቆለለለት ጉብታ አሸዋ ነው፤ ትናንት አንድ አባት ጭልፋ ውሃ አፍስሶበት ሄዷል። አሮጌው መሄጃ ውሃ ነው፣ ሸክላው ከሥሩ ቀርቷል። አሁን በመንደሩ ሸክላ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ እያነሱ እየጣሉ ተናገሩ፤ የተቀመጡበትን ጉብታ ግን በስሙ አልጠሩም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «ያ የእርሻ ጭራ የእኔ ቢሆን ኖሮ እኔም እዚያው ነበር የምቆፍረው። ሁላችንም።»

«ለሌይ ለምን አልነገሩልኝም?»

ሽማግሌው ውሃውን አዩ። «ቤቴ ከፈረሰ ገና ወር አልሞላውም ነበር። አፌ እሺ አላለኝም።»

«እንዲያሞግሱኝ አልፈለግሁም። ስስታም ናት ቢሉት ይበቃኝ ነበር። አንድ ጊዜ ቢስቁ ይበቃኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያኔም አውቅ ነበር።»

ያን ጊዜ ሱዩን አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሳታፍር። ለቻንግሊንም ለልጇ መሄድም እንደዚያ አላለቀሰችም ነበር። ሽማግሌው ተነስተው አልሄዱም፣ አይዞሽም አላሉም። ሲበቃት ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ከየት በኩል እንውሰድ?» አሉ ቀስ ብለው። «ቤቱ እንዳይነካ ጥቂት ጥቂት...»

«በምሥራቅ በኩል ጀምሩ» አለች። «እዚያ ያለው ለሽዋንጁ ሙሽራ ያሰናዳሁት ክፍል ነው። የሚተኛበት የለም።»

በማግስቱ ሰዎቹ ዘንግና ቅርጫታቸውን ይዘው መጡ፤ እሷም አካፋዋን አቀበለቻቸው።